አቡበክር አር-ራዚ፦ የታካሚን ሀቅ በተግባር ያሳዩ ሐኪም



በሙስሊሙ ዓለም የሕክምና ታሪክ ውስጥ ሁለት ስሞች ከሌሎች ቀድመው ይነሳሉ፤ ኢብን ሲና እና አቡበክር ሙሐመድ ኢብን ዘከሪያ አር-ራዚ። ኢብን ሲና ሕክምናን ሥርዓት አስይዘው በመጻፍ ይታወቃሉ። አር-ራዚ ደግሞ ይበልጥ የሚታወቁት ከበሽተኛው አጠገብ ተቀምጠው በመጠየቅ፣ በማስተዋልና ያዩትን በመመዝገብ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን የእኚህን ሐኪም ሕይወት ይተርካል። ከሕይወታቸው ውስጥ ትኩረት የምንሰጠው ለአንድ ጉዳይ ነው፤ ታካሚ በሐኪሙ ላይ ላለው ሀቅ።

ጉዳዩ የሩቅ ዘመን ጉዳይ ብቻ አይደለም። በካፋ ዞን፣ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ሺሺንዳ ወይም በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች የሚኖር ሰው ሲታመም የሚሄድበት መንገድ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ጤና ኬላ፣ ቀጥሎ ጤና ጣቢያ፣ ከበድ ካለ ቦንጋ ያለው ገብረፃዲቅ ሻዎ ሆስፒታል፣ ከዚያም ካለፈ ሪፈር ተጽፎለት ወደ ጅማ ይሄዳል። በዚህ ሁሉ መንገድ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ የሚመለስ ሰው ብዙ ነው። የተሰጠውን ቅጽ ሳያነብ ወይም ሳይነበብለት ይፈርማል። የታዘዘለት ኪኒን ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ይውጣል። ሐኪምን መጠየቅ ድፍረት፣ አንዳንዴም አደብ ማጣት ይመስለዋል። ሐኪሙ ያውቃል ብሎ ዝም ይላል፤ ዝምታውንም እንደ ሰብር ይቆጥረዋል። ሰብር በአሏህ ውሳኔ ላይ እንጂ ሊታወቅ የሚችለውን ባለማወቅ ላይ አይደለም። የአር-ራዚ ታሪክ ይህን ልዩነት በደንብ ያሳየናል።

ከረይ እስከ ባግዳድ

አር-ራዚ የተወለዱት በ251 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 865) ዛሬ ቴህራን አጠገብ በምትገኘው ረይ በተባለች ከተማ ነው። አር-ራዚ የሚለው መጠሪያ የረይ ሰው ማለት ነው። ስለዚህ የታላቁ የቁርኣን ተፍሲር ባለቤት ከሆኑት ከኢማም ፈኽሩዲን አር-ራዚ ጋር ሊምታቱብን አይገባም። ኢማሙም የረይ ሰው ናቸው፤ የኖሩት ግን ከእኚህ ሐኪም ወደ 300 ዓመት ገደማ ዘግይተው ነው።

በወጣትነታቸው ያዘነበሉት ወደ ሙዚቃና ወደ ማዕድናት ቅመማ ነበር። ወደ ሕክምና የገቡት ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ እንደሆነ የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉት ይናገራሉ። ዘግይተው ቢጀምሩም በፍጥነት አደጉ። በትውልድ ከተማቸው በረይ የሆስፒታል ኃላፊ ሆኑ፤ ከዚያም የዐባሲያ ኸሊፋዎች መዲና በነበረችው ባግዳድ ተመሳሳይ ኃላፊነት ተሸከሙ። ሆስፒታሉ በዚያ ዘመን ቢማሪስታን ይባል ነበር፤ ቃሉ የፋርስ ሲሆን የበሽተኞች ቦታ ማለት ነው።

ስለ ባግዳድ ቆይታቸው በሰፊው የሚወራ አንድ ታሪክ አለ። አዲስ ሆስፒታል የሚሠራበትን ቦታ እንዲመርጡ በተጠየቁ ጊዜ በከተማዋ የተለያዩ ሰፈሮች ሥጋ አሰቀሉ፤ ከቀናት በኋላም ሥጋው ከሁሉ ያነሰ የተበላሸበትን ሰፈር መረጡ ይባላል። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚያያዘው ዐዱዲ ከተባለው ሆስፒታል ጋር ነው። ይህ ሆስፒታል ግን የተሠራው እርሳቸው ካለፉ ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ ስለሆነ ኢብን አቢ ኡሰይቢዓን የመሰሉ ታሪክ ጸሐፊዎች በዚህ ላይ ጥያቄ አንስተዋል። ያም ሆነ ይህ፣ ሰዎች ይህን ታሪክ ከእርሳቸው ስም ጋር ማያያዛቸው በምን ይታወቁ እንደነበር ያመለክታል። በግምት ከመወሰን ይልቅ አይተው የሚወስኑ ሐኪም ነበሩ።

በተራ የሚታይ፣ ግን የማይመለስ ታካሚ

ኢብኑ ነዲም የተባለው ጸሐፊ አር-ራዚ ከሞቱ ከ60 ዓመት ገደማ በኋላ ባጠናቀረው አል-ፊህሪስት በተሰኘ መጽሐፉ ከአንድ የረይ ሽማግሌ የሰማውን አስፍሯል። በዚህ ምስክርነት መሠረት አር-ራዚ ራሳቸው ትልቅ የሆነ ሽማግሌ ነበሩ። በመቀመጫቸው ሲሰየሙ ከፊታቸው ደረሶቻቸው፣ ከእነርሱ ቀጥሎ የደረሶቹ ደረሶች፣ ከዚያም ሌሎች በመደዳ ይቀመጣሉ። በሽተኛ ሲመጣ ሕመሙን መጀመሪያ ለሚያገኛቸው ለውጪዎቹ ይናገራል። እነርሱ ካወቁት ያክሙታል፤ ካላወቁት ወደሚቀጥሉት ያልፋል። ሁሉም ካቃታቸው ጉዳዩ አር-ራዚ ዘንድ ይደርሳል።

ይህ አሠራር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል የሚደረገው ቅብብል ሐሳቡ ተመሳሳይ ነው። ዋናው ነጥብ በዚያ መደዳ ውስጥ የማያውቅ ሰው እንደሚያውቅ ሆኖ አለመቅረቡ ነው። ያላወቀ ለሚያውቀው ያሳልፋል። ታካሚው ከአቅም በላይ ሆኖ ከተገኘ በጊዜ ወደሚሻል ቦታ መላኩ ሀቁ እንጂ ልመና የሚፈልግ ውለታ አይደለም።

ያው ሽማግሌ ስለ አር-ራዚ ቸርነትም ተናግሯል። ለድሆችና ለበሽተኞች የሚራሩ፣ ከገንዘባቸው የሚቆርጡላቸውና ራሳቸው የሚያስታምሟቸው ሰው ነበሩ። ሐኪም የማያገኙ ሰዎችን አስበውም ሐኪም አጠገቡ ለሌለ ሰው የሚሆን መጽሐፍ አዘጋጅተዋል። የድሆች ሕክምና በሚል ስምም ይታወቃል። በመጽሐፉ ያሰፈሯቸው መድኃኒቶች ከሩቅ አገር የሚመጡ ውድ ቅመሞች ሳይሆኑ በጓዳና በገበያ የሚገኙ ነገሮች ናቸው። ትልቁ ሐኪም ገዥዎችን ያክሙ ነበር፤ አል-መንሱሪ የተሰኘውን መጽሐፋቸውንም ያበረከቱት ለረይ ገዥ ለመንሱር ኢብን ኢስሓቅ ነው። ሆኖም ብዕራቸው ከቤተ መንግሥት ውጪ ላለውም ሰው ሠርቷል።

ያልተጠየቀው ጥያቄ

አር-ራዚ ያከሟቸውን ሰዎች ሁኔታ በጽሑፍ የመያዝ ልማድ ነበራቸው። የሕመሙን ምልክት፣ የሰጡትን መድኃኒትና ውጤቱን ይመዘግባሉ። እነዚህ ማስታወሻዎች ከሞቱ በኋላ ተሰብስበው አል-ሓዊ የተባለውን ግዙፍ መጽሐፍ ካስገኙት ጽሑፎች ውስጥ ናቸው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1279 ወደ ላቲን ተተርጉሞ በአውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲያገለግል ቆይቷል። ፈንጣጣንና ኩፍኝን ለይተው የገለጹበት ድርሳናቸውም የዚሁ የማስተዋል ልማድ ፍሬ ነው።

ከማስታወሻዎቹ አንዱ ዐብደሏህ ኢብን ሰዋዳ የተባለን ሰው ይመለከታል። ሰውየው የተዘበራረቀ ትኩሳት ይይዘው ነበር፤ አንዳንዴ በየቀኑ፣ አንዳንዴ ቀን እየዘለለ ይመጣበታል። ከትኩሳቱ በፊት ቀላል ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ሽንትም ቶሎ ቶሎ ይመጣበታል። አር-ራዚ ሁለት ነገር ጠረጠሩ። ወይ ትኩሳቱ ወደ ሌላ ዓይነት ወባ መሰል ትኩሳት ይለወጣል፤ ወይ ኩላሊቱ ውስጥ መግል የቋጠረ እብጠት አለ። ብዙም ሳይቆይ ሰውየው ከሽንቱ ጋር መግል አየ፤ ነገሩም ግልጽ ሆነ። እንደ ሁኔታው አከሙት፤ በሁለት ወር ገደማም ዳነ።

የዚህ ማስታወሻ ትልቁ ቁም ነገር ከዚያ በኋላ የጻፉት ነው። መጀመሪያውኑ ለምን በእርግጠኝነት እንዳልተናገሩ ሲያብራሩ ጥፋቱን በሌላ ላይ አላሳበቡም። ሰውየው ሲነሳ ወገቡ ላይ ክብደት የተንጠለጠለ ያህል ይሰማው እንደነበር አልነገራቸውም፤ እርሳቸውም ሳይጠይቁት ቀሩ። ቢጠይቁት ኖሮ በኩላሊቱ ላይ የነበራቸው ጥርጣሬ ይጠናከር ነበር። የሽንቱን መመላለስ በሚገባ ያልመዘኑበትንም ምክንያት አስፍረዋል። ከዚህ በመነሳትም በመጠየቅ ላይ መዘናጋት እንደማይገባ ለሚያነቡት ሁሉ አሳሰቡ።

በዘመናቸው ከነበሩት ሐኪሞች ሁሉ ዝነኛው ሰው አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ መቅረታቸውን በገዛ እጃቸው ጽፈው አቆዩ። ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። የመጀመሪያው፣ በወጉ መጠየቅና መደመጥ የታካሚ ሀቅ ነው። ሁለተኛው፣ ታካሚም ያለበትን ሁሉ የመናገር ኃላፊነት አለበት። የወሰደውን የባህል መድኃኒት፣ በቤተሰቡ ውስጥ ያለውን በሽታ፣ ከዚህ ቀደም የታመመውን መደበቅ የሐኪሙን ዓይን መጋረድ ነው። በሺሺንዳ አካባቢ አፍ የፈታበት ቋንቋ ካፊኖኖ የሆነ ታካሚ በአማርኛ ሲጠየቅ የሚሰማውን ሁሉ መግለጽ ይከብደዋል። የሚያስተረጉም ዘመድ ይዞ መግባት፣ ወይም ቋንቋውን የሚያውቅ ባለሙያ ይኑር ብሎ መጠየቅ ስለዚህ ትንሽ ነገር አይደለም። ምናልባት ያ ያልተነገረው ክብደት የተንጠለጠለበት ወገብ ሊሆን ይችላል።

ምስጢርና እኩልነት

አር-ራዚ ከደረሶቻቸው ለአንዱ የጻፉት ደብዳቤ ዛሬም ይገኛል። ደረሳው የአንድ ገዥ ሐኪም ሆኖ ሊሠራ ሲሄድ ነበር የጻፉለት። በደብዳቤው ስለ ምስጢር አጥብቀው ይመክራሉ። ታካሚ ከአባቱ፣ ከእናቱና ከልጁ የደበቀውን ሕመም ለሐኪሙ የሚገልጠው ችግሩ አስገድዶት መሆኑን ያስታውሱታል። ሴቶችን ሲያክም ዓይኑን እንዲሰብርና ከሕመሙ ቦታ እንዳያልፍ ይነግሩታል። ሀብታምን እንደሚያክም ድሃንም እንዲያክም ያዙታል። በችሎታው እንዳይኩራራ፣ መዳንን ከራሱ ሳይሆን ከአሏህ እንዲያይም ይመክሩታል።

የሐኪም ምስጢር ጠባቂነት በእኛ ዘንድ አማና ይባላል። በትንሽ ከተማ ውስጥ የአማና ዋጋ ከትልቅ ከተማ ይበልጣል። ሁሉም ሰው በሚተዋወቅበት ቦታ የአንዲት እናት የምርመራ ውጤት ከክፍሉ ወጥቶ ገበያ ከደረሰ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የምትመጣው አንዲት እናት ብቻ አይደለችም የምትቀረው፤ ብዙዎች ይቀራሉ። በሽታም የሚስፋፋው ሰዎች ሲሸሹ ነው።

ሁሉ በሽታ አይድንም ብሎ መናገር

አር-ራዚ ከጻፏቸው አነስተኛ ድርሳናት መካከል አንዱ ሰዎች ለምን አዋቂ ሐኪሞችን ትተው ወደ አታላዮች እንደሚሄዱ የሚመረምር ነው። የተካነ ሐኪም እንኳ ሁሉንም በሽታ ማዳን እንደማይችልም ለብቻው ጽፈዋል። አታላይ ሁሉን አድናለሁ ይላል። እውነተኛ ሐኪም ግን የሚችለውንና የማይችለውን ለይቶ ይናገራል። ለዚህ ነው ጠንቃቃው ሐኪም በሕዝብ ዘንድ አንዳንዴ ዋጋ የሚያጣው። እውነቱን የሚናገር ሰው ተስፋ ከሚሸጥ ሰው ጋር ሲወዳደር ደብዛዛ ይመስላል።

ታካሚዎችንም መክረዋል። ሰው የሚተማመንበትን አንድ ሐኪም ቢይዝ ይሻለዋል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዘል ግን የሁሉም ስህተት ሊደርስበት ይችላል ብለው ያስባሉ። እዚህ ላይ ሚዛን ያስፈልጋል። በሰነፍነት ከሐኪም ወደ ሐኪም መዋለል አንድ ነገር ነው። ትልቅ ቀዶ ሕክምና የታዘዘለት ሰው የሌላ ባለሙያ አስተያየት መሻቱ ደግሞ ሌላ ነው። የኋለኛው ጥንቃቄ ነው።

ራሳቸውም የበላይ የሚባሉትን ከመጠየቅ አልቦዘኑም። በዘመኑ የሕክምና የመጨረሻ ዳኛ ተደርጎ ይታይ በነበረው በግሪካዊው ጃሊኑስ ላይ ያላቸውን ጥርጣሬ የሚዘረዝር መጽሐፍ ጻፉ። መምህርን ማክበር ያስተማረውን ሁሉ ሳይመረምሩ መቀበል ማለት እንዳልሆነም በዚያው አስረዱ። ጃሊኑስን መጠየቅ ነውር ካልሆነ፣ ስለ ገዛ ገላ ሐኪምን መጠየቅ እንዴት ነውር ይሆናል?

ፈቃድ ያልተጠየቀበት ቦታ

የአር-ራዚን ታሪክ ስንተርክ ሁሉን ነገራቸውን ማሳመር የለብንም። ሰርሳም ብለው በጠሩት የአንጎል ሕመም የመጀመሪያ ምልክት ያሳዩ ሰዎችን በሁለት ከፍለው፣ አንዱን ወገን በማገም ደም ሲያወጡለት ሌላውን ሆን ብለው እንደተዉት ጽፈዋል። ዓላማቸው ማገም ይጠቅም እንደሆነ ማወቅ ነበር። የሳይንስ ታሪክ አጥኚዎች በማነጻጸር የመመርመር ቀደምት ምሳሌ አድርገው ያደንቁታል። የማይታወቅ መድኃኒት ሲያጋጥማቸው ጥንቃቄም ያደርጉ ነበር፤ ባዜቃን መጀመሪያ የሞከሩት በነበራቸው ዝንጀሮ ላይ ነው። ሆኖም ለሁለት የተከፈሉት ሰዎች ፈቃዳቸው ስለመጠየቁ በጽሑፋቸው ላይ የሰፈረ ነገር የለም። በዛሬው ሚዛን ታካሚ ሳያውቅና ሳይፈቅድ በጥናት ውስጥ ማስገባት አይፈቀድም።

ታዲያ ፈቃድ የሚለው ሐሳብ ከውጭ የመጣብን ነው? አይደለም። ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በመጨረሻ ሕመማቸው ላይ ሳሉ የሆነውን ቡኻሪና ሙስሊም ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ዘግበውታል። በአፋቸው ጎን መድኃኒት ሊሰጧቸው ሲሉ እንዳይሰጧቸው በምልክት ከለከሉ። ቤተሰቦቻቸው በሽተኛ ሁሉ መድኃኒት ይጠላል በሚል እሳቤ ሰጧቸው። ሲነቁ ለምን ክልከላቸውን እንዳላከበሩ ጠየቁ። ከዚያም በቤቱ ከነበሩት ያንን መድኃኒት ያልቀመሰ እንዳይቀር አዘዙ፤ በቦታው ያልነበሩት አጎታቸው ዐባስ ብቻ ቀሩ። የታመመ ሰው ስለታመመ ብቻ ቃሉ እንደማይሻር ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምን አለ?

ሳያውቅ የሚያክም ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑም በአቡ ዳውድና በነሳኢ በተዘገበ ሐዲስ ተገልጿል። የፊቅህ ዑለማዎችም በዚህ ላይ ገንብተዋል። ኢብን ቁዳማ አል-ሙግኒ በተሰኘ መጽሐፋቸው ያለ ወሊዩ ፈቃድ ሕፃን የገረዘ ሰው ጉዳት ቢደርስ ኃላፊ እንደሚሆን አስፍረዋል፤ ምክንያቱም ያልተፈቀደለትን አካል ቆርጧል። አር-ራዚ ከሞቱ ከ6 ዓመት በኋላ፣ በ319 ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 931) በባግዳድ አንድ ሰው በሐኪም ስህተት ሞተ። ኸሊፋው አል-ሙቅተዲር ሐኪሞች ሳይፈተኑ እንዳይሠሩ አዘዙ። ፈተናውን የመሩት ሲናን ኢብን ሣቢት ሲሆኑ የቀረቡት ሐኪሞች ከ860 በላይ እንደነበሩ ተጽፏል። ዛሬ የባለሙያን ፈቃድ ስለማረጋገጥ ስንናገር የምንናገረው ከ1,000 ዓመት በላይ ስለኖረ ጉዳይ ነው።

ሐኪሙ ታካሚ ሲሆኑ

አር-ራዚ ስለ ራሳቸው በጻፉት ድርሳን በአንድ ትልቅ መጽሐፍ ላይ ብቻ 15 ዓመት ሌት ከቀን እንደሠሩ ይናገራሉ። ከዚህ የተነሳ ዓይናቸው ደከመ፤ የእጃቸውም ጡንቻ ከዳቸው። ያም ሆኖ ሥራውን አልተዉም፤ የሚያነብላቸውና የሚጽፍላቸው ሰው ይዘው ቀጠሉ። አል-ቢሩኒ በኋላ ሥራዎቻቸውን ሲዘረዝሩ 184 ያህል ቆጥረዋል። በሕይወታቸው መጨረሻ ላይ ዓይናቸው ሞራ ሸፈነውና ማየት አቆሙ።

የታሪክ ጸሐፊዎች ከዚህ በኋላ የሆነውን በተለያየ መንገድ ይተርካሉ። በአንደኛው አተራረክ ሞራውን ሊገፍ የመጣ ባለሙያ ነበር። አር-ራዚ ከመፍቀዳቸው በፊት ዓይን ስንት ሽፋን እንዳለው ጠየቁት፤ ሊመልስ አልቻለም። ይህን የማያውቅ ሰው ዓይናቸውን እንዲነካ አልፈቀዱም። በሌላኛው፣ አል-ቢሩኒ ባቆዩት አተራረክ፣ ከጠበሪስታን አንድ ደረሳቸው ሊያክማቸው መጣ። እንዴት እንደሚያክማቸው ጠየቁት፤ አስረዳቸው፤ ችሎታውንም መሰከሩለት። ነገር ግን ሕክምናው ሕመም እንዳለውና የቀራቸው ዕድሜ ጥቂት መሆኑን አስበው ሳይቀበሉ ቀሩ።

ሁለቱ አተራረኮች ይለያያሉ፤ የሚያሳዩት ግን አንድ ነገር ነው። በመጀመሪያው ታካሚው የሐኪሙን ብቃት ጠይቀው አልፈቀዱም። በሁለተኛው ሐኪሙ ብቁ ሆኖ፣ ጥቅሙና ጉዳቱም ተነግሯቸው፣ ታካሚው አመዛዝነው ትተውታል። በአንደኛውም በሌላኛውም ማንም በግድ አልያዛቸውም፤ ጥያቄያቸውም እንደ ስድብ አልተቆጠረም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠይቁ የኖሩት ሰው አልጋ ላይ ሲወድቁም ጠየቁ። በ313 ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 925) በረይ ከተማ ከዚህ ዓለም አለፉ።

ስለ አር-ራዚ ስንጽፍ አንድ ነገር መደበቅ አይገባንም። በፍልስፍናና በነብይነት ጉዳይ ላይ ይዘውታል የተባለው አቋም በዘመናቸውም ከዚያም በኋላ ብርቱ ተቃውሞ አስነስቷል። አቡ ሓቲም አር-ራዚ የተባሉት የከተማቸው ሰው ምላሽ ጽፈውባቸዋል፤ አል-ቢሩኒም ሥራዎቻቸውን በዘረዘሩበት ጽሑፍ ነቅፈዋቸዋል። አቋሙ በአብዛኛው የደረሰን በተቃዋሚዎቻቸው ብዕር ስለሆነ አጥኚዎች እስካሁን ይከራከሩበታል። ከእርሳቸው የምንወስደው ዐቂዳን አይደለም፤ የሕክምና ዕውቀታቸውንና የሙያ ሥነ ምግባራቸውን ነው።

የእኛ ሕግ ምን ይላል?

አር-ራዚ ከባለሙያው ጋር የተነጋገሩበት ሀቅ ዛሬ በአገራችን በሕግ የተጻፈ ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20 ማንኛውም ሰው የሕክምና ወይም የቀዶ ሕክምና ምርመራንና ሕክምናን በማንኛውም ጊዜ አልቀበልም ማለት እንደሚችል ይደነግጋል፤ ሕጉ በግዴታ ከሚያዛቸው ጉዳዮች በቀር። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ በሙያው ያወቀውን ምስጢር የሚያወጣ ሐኪምን ይቀጣል። ከባድ ችግር ላይ ላለ ሰው ያለ በቂ ምክንያት የሙያ እርዳታ የሚነፍግንም እንዲሁ። የጤና አገልግሎትን ለመቆጣጠር የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299/2006 ደግሞ ሕክምና ከመሰጠቱ በፊት ታካሚው ተገልጾለት ፈቃዱን እንዲሰጥ ይጠይቃል።

ስለዚህ ሺሺንዳ ጤና ጣቢያም ሆነ ቦንጋ፣ ጅማም ሆነ አዲስ አበባ፣ አንድ ታካሚ በአደብ እነዚህን ሊጠይቅ ይችላል፦

- ሕመሜ ምንድን ነው? በሚገባኝ ቋንቋ ሊነገረኝ ይችላል?
- የታዘዘልኝ ሕክምና ጥቅሙ ምንድን ነው? ጉዳቱስ?
- ሌላ አማራጭ አለ? ባልታከም ምን ይመጣል?
- ወጪው ስንት ነው? እዚህ ካልተቻለ የት ልላክ?
- ይህ የምፈርምበት ቅጽ ምን ይላል?

ሙስሊም ታካሚ ከዚህ ላይ የሚጨምራቸው ጥያቄዎች አሉት። በረመዷን መድኃኒቱን በሱሑርና በኢፍጣር መውሰድ እንደሚቻል፣ ጾሙ ከሕመሙ ጋር አደጋ እንዳለው መጠየቅ አለበት። አደጋ አለው ከተባለ አሏህ ለበሽተኛ ሩኽሷ ሰጥቷል፤ ራስን መጉዳት ዒባዳ አይሆንም። እኅቶቻችንም ሴት ባለሙያ ካለች በእርሷ እንዲታዩ መጠየቅ ይችላሉ። በአስቸኳይ ጊዜ ሴት ባለሙያ ካልተገኘች ግን ሕይወትን ማትረፍ ይቀድማል፤ በዚህ ላይ የዑለማዎች ቃል ግልጽ ነው።

ባሎች፣ አባቶችና ወንድሞችም አንድ ነገር ልብ እንበል። ታካሚዋ አቅሏ ጤነኛ የሆነ አዋቂ ሴት ከሆነች በገላዋ ላይ መጀመሪያ የምትጠየቀው እርሷ ናት። ማማከር መልካም ነው፤ በስሟ መልሶ እርሷን ዝም ማሰኘት ግን ሀቋን መውሰድ ነው።

ይህን ሁሉ ስንል ከጤና ባለሙያዎቻችን ጋር ጠብ ፍለጋ አይደለም። በገጠር ጤና ጣቢያ ያለ ባለሙያ በቀን የሚያየው ሰው ብዙ፣ በእጁ ያለው መሣሪያ ጥቂት ነው። ረጋ ብሎ፣ ተራ ጠብቆ፣ ያለውን ሳይደብቅ የሚጠይቅ ታካሚ ለእርሱም እረፍት ነው። አር-ራዚ የዐብደሏህ ኢብን ሰዋዳን ወገብ ሳይጠይቁ ቀሩ፤ ዐብደሏህም ሳይናገር ቀረ። ከሁለቱ አንዱ አፉን ቢከፍት ኖሮ ሕመሙ ቀድሞ ይታወቅ ነበር።

አሏህ በሽተኞቻችንን ያሽርልን፤ ሐኪሞቻችንን በአማናቸው ላይ ያጽናልን። ወሏሁ አዕለም።